ከፊት የቆመችው ዜሮ

ንቢቱ ይሏታል። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ የሆስፒታሉ ሰዎች የሰጧት ነው። አንድ ቦታ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አይሆንላትም። ከወንበሯ ብድግ ብላ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ መልሳ ወደ ወንበሯ ትመላለሳለች። ይህን ሲያዩ የከረሙ የጽዳት ሠራተኛ አንድ ቀን፣ «ይቺስ ንብ ናት፤ ማሩን የት እንደምትደብቀው ነው ያልታወቀው» አሉ። ስሙ በዚያው ተለጠፈባት።

ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። የሆስፒታሉን የሕሙማን ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያዛወረችው እሷ ናት። ቢሮዋ ሁለተኛው ፎቅ ጥግ ላይ ያለች፣ ድሮ የባልዲና የመጥረጊያ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ መጥረጊያ ይሰቀልባቸው የነበሩት ሦስት ምስማሮች ዛሬም ግድግዳው ላይ አሉ። በአንደኛው ቦርሳዋን፣ በሁለተኛው ሹራቧን ትሰቅላለች። ሦስተኛው ላይ ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተሰክታለች። ወረቀቷ ላይ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ተጽፈዋል፤ ከላይ 9870፣ ከታች 9214።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እረፍት የነሷት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የላይኛው ጋሽ ካርድ፣ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሽማግሌ፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ቆጥረው የሰጧት ነው። የታችኛው ማሽኑ «ያሉኝ ሰዎች ይህን ያህል ናቸው» ያላት ነው። መሃል ላይ ስድስት መቶ ሃምሳ ስድስት ሰው የለም።

ዳይሬክተሩ በጠየቋት ጊዜ፣ «ድግግሞሽ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ካርድ ሲያወጣ የመጣ ነው» ብላ መልሳለች። ውሸት ልትናገር አልፈለገችም። እውነት መሆኑንም ግን ሄዳ አላየችም። ዳይሬክተሩ «ጥሩ» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። እሷ አላለፈችም። ወረቀቷን ምስማሩ ላይ ሰካቻት፣ በየቀኑ ታያታለች፣ ባየቻት ቁጥር ትነሣና ወደ መስኮቱ ትሄዳለች።

ልጅ ሆና እንዲሁ ነበረች። እናታቸው ቀደም ብላ ስላረፈች ያሳደገቻት አሥራ አንድ ዓመት የምትበልጣት እህቷ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ መኝታ፣ ግማሹ የልብስ ስፌት መኪና። የንቢቱ ድርሻ የልብስ ቁልፍ መለየት ነበር። የሸሚዙ፣ የሱሪው፣ የካፖርቱ፣ በየመጠኑና በየቀለሙ ሃያ ሦስት ትንንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሃያ ሦስት ቆርቆሮ ምን ያደርጋል ብላ ሁሉንም አንድ ትልቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ገለበጠችው። ቦታ ተረፈ፤ መደርደሪያው አማረ። እህቷ ስታይ አልመታቻትም። «በይ አሁን ለይ» አለቻት ብቻ። መገልበጡ አንድ ትንፋሽ ነበር፤ መለየቱ ሦስት ቀን ፈጀ።

ካርዱን ያዛወረችበትን ሳምንት ስታስታውስ አንድ ስብሰባ ትዝ ይላታል። ስብሰባው ላይ ጋሽ ካርድ እጃቸውን አንሥተው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያች ክፍል የኖሩ ሰው ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም።

«ልጄ፣ ያቺን ዜሮ አደራ» አሉ። «ከፊት ያለችውን እንዳትነኪያት።»

ንቢቱ ቸኩላለች። ሰዓቷን እያየች፣ «ጋሼ፣ ከፊት ያለ ዜሮ እኮ ዋጋ የለውም። ሰባትና ዜሮ ሰባት አንድ ናቸው፤ ሒሳብ ነው» አለቻቸው።

ፋርማሲስቱ ከኋላ፣ «ጋሽ ካርድ ዜሮዋንም ጡረታ አስከብሩልኝ ሊሉ ነው!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ንቢቱም ሳቀች። ጋሽ ካርድ መነጽራቸውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ ማሽኑ ካወቀ» ብለው ተቀመጡ። በሳምንቱ አንሶላ መጋዘን ተመደቡ፤ ወረቀት ካርዶቹም ተጠርዘው እዚያው እሳቸው ዘንድ ተከመሩ፣ የሚወገዱበት ቀን እስኪወሰን።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ እህቷ ደወለች። ሳቅ አፍኗታል።

«አንቺ፣ ነይ ውረጂ! ሚጡን ሳል ይዟት ላሳያት ብመጣ፣ ልጄ በአንድ ጀምበር ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት አገኘኋት። ባል ሁሉ አግብታለች!»

ሚጡ የእህቷ ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። ንቢቱ ስትወርድ ሕፃኗ የካርድ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወናጭፋለች፣ ወረፋው ይስቃል።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለች የመስኮቷ ሠራተኛ። «ቁጥሩን አስገባሁ፣ ማሽኑ ያለውን አነበብኩ። ያገባች፣ አንድ የወለደች፣ ባለፈው ወር ጥርሷን የተነቀለች።»

«ታዲያ ሰርጉን ሳትጠሩን?» አሉ ክራንች ተደግፈው የቆሙ አዛውንት። «እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ጥርስ ያላት ልጅ ስፈልግ!»

«ጥርሴን አልተነቀልኩም» አለች ሚጡ፣ አፏን ከፍታ ለሁሉም እያሳየች። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ንቢቱ ግን እህቷ እጅ ላይ ያለችውን፣ ለታካሚ የምትሰጠውን አሮጌ የቀጠሮ ካርድ ነው የምታየው። 04172 ይላል።

«እታለም፣ ያንቺስ ስንት ነው?»

«አራት ሺ አንድ መቶ ሰባ ሁለት ነዋ። አታውቂም እንዴ? የሷ የኔው ነው። ስወልዳት ጋሽ ካርድ ናቸው ዜሮ ከፊት ጨምረው የሰጧት። ‹ልጅ ከእናቷ አትጠፋም፣ እናትም በልጇ ትገኛለች› ብለው። ሁለተኛ ከወለድሽ ሁለት ዜሮ፣ ሦስተኛ ከወለድሽ ሦስት። እዚህ የወለድን ሁሉ እናውቀዋለን።» ከዚያ የእህቷን ፊት አየች። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

ንቢቱ አልወለደችም። ከወለዱት አንዷን እንኳ አልጠየቀችም። የደረጃውን ሁለት ሁለት እርከን እየዘለለች ወጣች።

ፕሮግራም በምትጽፍበት ቋንቋ እያንዳንዱ ነገር ዓይነት አለው። ጽሑፍ የሆነ ጽሑፍ ነው፤ ቁጥር የሆነ ቁጥር ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ልግባ ካለ መቀየር አለበት። መቀየሩ የአንዲት መስመር ሥራ ነው። 04172 የሚል ጽሑፍ ይሰጡታል፣ 4172 የሚል ቁጥር ይመልሳል። አያጉረመርምም፤ ተሳስተሻል አይልም። የካርድ ቁጥሮቹን ከጽሑፍ ወደ ቁጥር የቀየረቻቸው ፍለጋው እንዲፈጥን ብላ ነው፤ እውነትም ፈጠነ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ጽፋለች፦ ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት መዝገብ ብታገኝ ያው አንድ ሰው ነውና አዋህዳቸው፤ የሚጋጩበት ቦታ ካለ በቅርቡ የታከመው የቀድሞውን ይሻር።

ጸሐፊዎቹ ከካርዱ የገለበጡት የመጀመሪያው ፋይል እሷ ዘንድ ነበር፤ አልሰረዘችውም። ከፈተችው። ከፊታቸው ዜሮ ያለባቸውን ቁጠር አለችው።

656።

ከምስማሩ ላይ ወረቀቷን ነጥቃ ጨመደደቻት። ድግግሞሽ አይደሉም። ልጆች ናቸው። ስድስት መቶ ሃምሳ ስድስት ልጅ እናቱ ሆድ ተመልሶ ገብቷል።

መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ልጆቹ ነበር። ከዚያ የራሷን ትእዛዝ ደግማ አነበበች። በቅርቡ የታከመው የቀድሞውን ይሻር። ሕፃን ደግሞ ለክትባት ይመላለሳል፤ ብዙ ጊዜ በቅርቡ የታከመው ልጁ ነው። ስለዚህ የእናቲቱን ነገር የሕፃኑ ነገር ሸፍኖታል። የማይስማማት መድኃኒት ካለ፣ በዚያ ቦታ ላይ አሁን የተጻፈው የአራስ ሕፃን መልስ ነው፦ የለም።

እንዲህ የሆነባቸውን እናቶች ፈለገች፤ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ከአሥራ ዘጠኙ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ያለች አለች ወይ ብላ የዕለቱን ዝርዝር ከፈተች። አንዲት ሴት አለች። ቁጥር 3306፣ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ፣ የአምስት ልጆች እናት። የሐሞት ጠጠር፣ ቀዶ ሕክምና፣ አራት ሰዓት። በመጀመሪያው ፋይል፦ ፔኒሲሊን አይስማማትም። በማሽኑ፦ የለም። ማሽኑ የሕፃን ያደረገውን ዕድሜዋን የመስኮቷ ሠራተኛ የጽሕፈት ስህተት መስሏት በእጇ አርማዋለች፤ ይቺኛዋን መስመር ግን መስኮት ላይ ሆኖ የሚያያት የለም።

ሰዓቱ ሦስት ከአርባ ነው።

ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ደወለች። ጠራ፤ ማንም አላነሣም። ደግማ ደወለች። እየጠራ ሳለ ጣቶቿ «የለም» የምትለዋን አጥፍተው ትክክለኛውን ጻፉ። ሰባት ሰከንድ አልፈጀም። ተስተካከለ። ማንም አላየም፤ ማንም አያውቅም። ዛሬ ማታ ሌሎቹንም አሥራ ስምንት እንዲሁ ቀስ ብላ ብታርም፣ ነገ ደግሞ ልጆቹን…

ይህ ሐሳብ ከእሷ ጋር የቆየው ትንሽ ጊዜ ነው፤ ግን ቆይቷል። ያባረረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የታካሚው ወረቀት ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ታትሞ አልጋው ላይ ይንጠለጠላል። እንዲታተም ያደረገችው እሷው ናት። ማሽኑ ውስጥ ያለው ቢታረምም፣ ወረቀቱ «የለም» እንዳለ ከሴትዮዋ ጋር ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

የቀዶ ሕክምናው በር ላይ ዋናዋ ነርስ፣ ሲስተር ናቸው የቆሙት። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ለማንም የማይበገሩ ሴት ናቸው።

«ወዴት? ማነሽ አንቺ?»

«የኮምፒውተሯ ነኝ።»

«ኮምፒውተር አልተበላሸብንም።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች ንቢቱ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሲስተር፣ የሐሞት ጠጠሯ ሴትዮ ፔኒሲሊን አይስማማትም። ወረቀቱ የለም ይላል፣ ግን አለ። ስህተቱ የኔ ነው።»

ሲስተር ወደ ውስጥ ዞረው አዩ። ሴትዮዋ አልጋው ላይ ተጋድማለች፣ አጠገቧ መርፌው ተሞልቶ ሳህን ላይ ተቀምጧል።

«ማሽንሽ የለም ይላል። አንቺ አለ ትያለሽ። ባለፈው ወር ደግሞ ‹ማሽኑ አይሳሳትም› ብለሽ ሁላችንንም አስተምረሻል። የትኛውን ልመን?»

«የድሮ የወረቀት ካርዷን አምጥቼ ላሳይዎት።»

«አምስት ደቂቃ» አሉ ሲስተር። «ስድስተኛዋን ለምነሽም አታገኚያትም።»

አንሶላ መጋዘኑ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ምድር ቤት ነው። ጋሽ ካርድ አንሶላ እያጠፉ ነበር፤ እንደ ካርድ ጥግ በጥግ አስተካክለው።

«ጋሼ! ሦስት ሺ ሦስት መቶ ስድስት!»

ለምን ብለው አልጠየቁም። «አምስት ዜሮ» አሉ። «ምን ሆነች?»

«ሊቀዷት ነው። ፔኒሲሊን ሊሰጧት ነው። ማሽኔ ዜሮዎቹን…» አልጨረሰችም።

ያጠፉትን አንሶላ ሳይጨርሱ ለቀቁት። ወደ ክምሩ ሄደው ሦስተኛውን ጥርዝ ሳቡ፣ ከመሃሉ በቀይ ክር የታሰሩ ስድስት ካርዶች አወጡ። ፈልገው ሳይሆን አንሥተው ነው የሰጧት፤ ሰው ከራሱ ኪስ እንደሚያወጣ።

«እኔ ጉልበቴ አያደርሰኝም። ለመሮጥስ አንቺን ማን ብሎ! ያዢ፣ ሂጂ።»

ሲስተር ካርዱን ከእጇ ሲቀበሏት አራተኛው ደቂቃ ላይ ነበሩ። የላይኛው ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቁ፣ «ፔኒሲሊን ፈጽሞ አይሰጥ። ሦስተኛውን ስትወልድ ተሰጥቷት ለጥቂት ተረፈች» ይላል።

«ይሄ የጋሽ ካርድ እጅ ነው» አሉ ሲስተር። ሌላ ነገር አልጠየቁም። መርፌውን አንሥተው ወደ መጣያው ጣሉት፣ ወደ ሐኪሙም ዞረው፣ «ዶክተር፣ መድኃኒት እንቀይራለን» አሉ።

ሴትዮዋ ከአልጋው ቀና አለች። «እኔ እኮ ተናግሬያለሁ! ‹የማይስማማሽ አለ ወይ› ሲሉኝ ‹ካርዴ ላይ ተጽፏል፣ እሱን እዩ› አልኳቸው። መቼ ሰሙኝ!» ከዚያ ንቢቱን ከእግር እስከ ራሷ አይታ፣ «ምነው ልጄ፣ አንቺን ነው እንዴ የሚቀዱሽ? ከኔ ይልቅ አንቺ ተንቀጠቀጥሽ» አለቻት።

ዳይሬክተሩ ጋ የሄደችው ከዚያ በቀጥታ ነው፤ ብትቀመጥ እንደማትሄድ ስላወቀች። ሁሉንም ቆማ ነገረቻቸው።

«ድግግሞሽ ያልሽኝ እነዚህን ነው?»

«አዎ።»

«አጣርተሽ ነበር?»

«አላጣራሁም።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አልተቆጡም። የሌሎቹ አሥራ ስምንት እናቶች ወረቀት፣ ሲመጡ እንዲታይ፣ ለየክፍሉ እንዲላክ አዘዙ፣ ማሽኑ እንዲዘጋ፣ መስኮቱም ወደ ወረቀት እንዲመለስ። «ጋሽ ካርድን ለምኛቸው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ብለምናቸው እምቢ ይሉኛል፤ እኔም ያን ዕለት ስቄያለሁ።»

ከምሳ በኋላ ላፕቶፗን ይዛ አንሶላ መጋዘን ወረደች። ሴትዮዋ ከቀዶ ሕክምናው በደኅና መውጣቷን ሲስተር ቀድመው ወደዚያ አስነግረዋል። ጋሽ ካርድ የአንሶላ ጥቅል ላይ ተቀምጠው፣ ሌላ ጥቅል ለእሷ አቀረቡላት።

«ዜሮዎቹን መመለስ እችላለሁ» አለች። «የመጀመሪያው ፋይል አለኝ። ግን በሦስቱ ሳምንት ውስጥ በተደባለቁት ካርዶች ላይ አንድ መቶ አርባ ሦስት አዲስ ነገር ተጽፏል። የትኛው የእናት፣ የትኛው የልጅ እንደሆነ ማሽኑ አያውቅም።»

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አሉ ጋሽ ካርድ። መነጽራቸውን አወጡ። «በይ እንልቀም።»

አንድ በአንድ ተያያዙት። «ሳልና ትኩሳት፣ ክብደት አሥራ አንድ ኪሎ።» የልጅ። «የደም ግፊት።» የእናት። «የጆሮ ሕመም።» እዚህ ላይ ቆሙ፤ ቤት ድረስ ደውለው ጠየቁ። ሠላሳውን ሲያልፉ ንቢቱ ተነሣች፣ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም? ዜሮዋ ምን እንደሆነች አንድ ቃል ቢናገሩ…»

«ሳቃችሁ አናደደኝ።» ካርዱን አገላብጠው ያዩ ጀመር። «እሱ ግን ግማሹ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያቺን ደንብ የትም አልጻፍኳትም። ያለ እኔ ክፍሉ አይሠራም እንዲባል። እንደፈለግሁት አልሠራ አለ፣ ደስ ይበለኝ እንግዲህ! ስድስቱን ካርድ ሰጥቼሽ ስትሮጪ፣ እግርሽ ቢሰናከልስ ብዬ እዚህ ብቻዬን ቆሜ ነበር።»

እሷም ያደረገችውን ነገረቻቸው፤ ስልኩ እየጠራ ሳለ ማንም ሳያይ ያረመቻትን ቃል ሳይቀር። ከዚያ ስለ ፕሮግራሙ ጠየቋት፣ ማሽኑ ልጅና እናት መለየት አይችልም ወይ አሏት።

«ይችላል። ሁለት የመዝገብ ክፍል ሠርቼለት ነበር፤ ታካሚ የሚል፣ ከሥሩም ሕፃን ታካሚ የሚል። የላይኛው ያለው ሁሉ ለታችኛው ይወረሳል። ሕፃኑን ‹ታካሚ ነው› ብለው ቢያስገቡት ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ሕፃን ሁሉ ታካሚ ነውና። ታካሚውን ‹ሕፃን ነው› ቢሉት ግን እሺ አይልም፤ አጣርቶ ነው፣ ካልሆነም ያቆማል።»

«ታዲያ ባጣራ ጊዜ ምን አለሽ?»

«የሚያጣራበት ምክንያት አልሰጠሁትም። ሁሉንም ታካሚ ብዬ አስገባኋቸው። ሕፃናቱን የሚለይልኝ ምልክት አጣሁ።»

ጋሽ ካርድ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። እጃቸው ላይ ባለው ካርድ ከፊት የቆመችውን ዜሮ በጣታቸው ጠቆሙ።

ንቢቱ ደብተር አውጥታ ደንቡን አስነገረቻቸው፤ እሳቸው እየተናገሩ ጻፈችው። አንድ ዜሮ ለመጀመሪያ ልጅ። ሁለት ለሁለተኛ። መንታ ከሆኑ ቀድሞ ያለቀሰው በአንድ ዜሮ ያንሳል። ጽፋ ስትጨርስ ደብተሩን ዘጋች፣ ልትነሣም አለች።

«ወዴት?»

«እንዲሁ። መቀመጥ አልሆነልኝም።»

«ተቀመጪ» አሉ። «ዜሮዋን ብቻ ነው የቀየርሽው? ያን ያህል ወረቀት ስታዛውሪ ሌላስ ምን ምን ቀይረሻል?»

ሦስት ሳምንት ያስነሣትና ያስቀመጣት ነገር ከዜሮዎቹ ጋር አብሮ እንዳልወጣ ያኔ ታወቃት። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አስተካክላ የጻፈችውን ከላይ ጀምሮ ከፈተች።

«ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» አሉ ጋሽ ካርድ። «ቋንቋውን አላውቀውም፤ አንቺ ብቻ ከምን ወደ ምን እንደቀየርሽ ንገሪኝ። ቀስ እያልሽ።»

«የትውልድ ቀን፤ ከጽሑፍ ወደ ቀን።»

«እሺ።»

«የደም ዓይነት፤ እንዳለ፣ ጽሑፍ።»

«ጎሽ።»

«የሕፃናት ክብደት» አለች፣ ድምፅዋ ወረደ። «ነጥብ ካለው ቁጥር ወደ ሙሉ ቁጥር።»

ጋሽ ካርድ የአንድ አራስ ካርድ ከክምሩ አንሥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። በእጃቸው የተጻፈው 2.9 ኪሎ ይላል።

«ነጥቧና ዘጠኟስ» አሉ፣ «የት ገቡ?»